ቅቤ የነካው መነጽር

ጥር 6፣ ጠዋት
አሁንም ተንሸራተተ። አባባ በረንዳ ላይ ተቀምጠው በአቅራቢ መነጽር የሚካኤልን በር አጥርተው ያያሉ፤ ዐይናቸውን ጨፈን ገለጥ ሲያደርጉ ቤ/ክርስቲያኑ ጭጋግ ይሆናል። የመነጽሩ ማስተካከያ መዘውር ላልቷል። ገሳይ የሚኖረው አጎቴ ገብሱን ከዝንጀሮ ሲጠብቅበት የኖረ መነጽር ነው፤ ጡረታ የወጣው እኛ ቤት ነው። አባባ ኅዳር ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከበረንዳ አያልፉም። ታቦት ሳይሸኙ ጥምቀት አልፎባቸው አያውቅም። ዘንድሮ በመነጽር ሊሸኙ ነው። መዘውሩ ከፈቀደ።

ጥር 9፣ ከሰዓት
ጥገና ጀመርኩ። ይህን ሁሉ መጽሐፍ ያነበበ ሰው አንድ መዘውር አያቅተውም አልኩ። ለጋ ቅቤ ቀባሁት። ደብተሬ ሆይ፣ የላላን ነገር በቅቤ ማከም የእኔ ግኝት ነው። አሁን ሳይነኩትም ይዞራል።

ጥር 10፣ ከተራ
አባባ መነጽሩን አስጠጉ፣ አሸተቱ፣ መለሱልኝ።
«በገሃድ ጾም ፊቴን ቅቤ ልትቀቢኝ ነው?»
ለመዘውሩ ነው ብል አልሰማ አሉ። ለንስሐ አባታቸው አስደወሉኝ። ቄሱ መጀመሪያ ረጅም ሳል ሳሉ፤ ሳቅ መሆኑ ቆይቶ ገባኝ። ከዚያ ይጠረግ አሉ፤ አባባ ከየት ሆነው እንደሚያዩም ጠየቁኝ። ስጠርግ ክዳኑ ወለቀ፣ መዘውሩም ተከተለው። ታቦቱ በዚያው መካከል አለፈ። እልልታው ደረሰን፤ ሌላው አልደረሰንም። አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። የቀረን ከነገ ወዲያ ነው፤ ሚካኤል ሲመለስ።

ጥር 11
ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ጋሽ ሰኢድ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጡ። መነጽሩን ሳህን ላይ ተበታትኖ ሲያዩ ምን በልቶት ነው አሉ። ነገርኳቸው። ሳቃቸውን ጨርሰው ሄዱና የስፌት መኪናቸውን ካቻቪቴና ዘይት ይዘው ተመለሱ።
«ይሄ እንኳ አያስገድፍም፤ የመኪና ዘይት ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ነው።»
አባባ ሳቁ። ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያው።
ጋሽ ሰኢድ ያዙልኝ፣ እኔ ክዳኑ ሥር ያለችውን ቁንጫ የምታህል ብሎን አጠበቅሁ። እሷ ነበረች የላላችው። በቃ። እንግዳችን ዶሮውን ለእኛ ትተው ዳቦና ሻይ ተቀበሉ።

ጥር 12፣ ከሰዓት
ጸንቷል! ሰልፉ ከመታጠፊያው ብቅ ሲል ጀምሮ አባባ አላረፉም፦ እከሌ ሸብቷል፣ እከሌ ጃንጥላውን አጋድሎታል፣ ያቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት። ከዚያ «የንስሐ አባቴ ናቸው!» አሉ። የንስሐ አባታቸው ከሰልፉ ወጣ ብለው፣ ወደ እኛ በረንዳ ዞረው፣ መስቀላቸውን ከፍ አድርገዋል። ለእኔ ነጭ ነጥብ ናቸው። ለአባባ ግን መስቀሉ አፍንጫቸው ሥር ነው። መነጽሩን ከዐይናቸው አወረዱና የፊቱን መስታወት ተሳለሙት።

ተመስገን። ጋሽ ሰኢድም ይባረኩ። ብሎኗም።

መነጽሩ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። መስታወቱ ላይ የከንፈር አሻራ አለ። መጥረጊያ ጨርቁን አንሥቼ ነበር። መለስኩት።