የዛጎሉ ተከራዮች

የካቲት 4 ቀን 1996

ገበያው ቀዝቅዟል። ሁለት ኪሎ ዛጎል ለመሶብ ሰፊዎች፣ በቃ። ከሰዓት የወንድሜ ልጅ ናኢማ መጣች፤ አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ፊቷ ልክ አይደለም።

"አክስቴ፣ ዛጎል ላይ የሚኖሩ የባሕር ባክቴሪያዎችን ላጠና ነው። በወሩ መጨረሻ ካላቀረብኩ ዓመቱን ልደግም ነው።"

"ይኸው በኩንታል አለኝ።"

"ያንቺማ ታጥቧል። ማንም አይኖርበትም።"

ማንም? ስንት ዓመት ባዶ ቤት ነው የምሸጠው...

የካቲት 6

ዛጎል የሚያመጣልኝ የጅቡቲ መስመር ሹፌሩ ጃፋር ነው። ናኢማ ራሷ አዘዘችው። ከነባሕር ውሃው አለችው። እሺ አለ፤ እኔን ግን ገላመጠኝ።

የካቲት 13

ጃፋር አንድ ጄሪካን ጥሎልኝ ሄደ። ስከፍተው... ሱብሃነላህ። ትይዩ ጨርቅ የሚሸጡት ጋሽ ሐምዱ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው መጡ።

"ሐጀራ፣ ባሕሩ ጠፋ ጠፋ ሲሉ አንቺ ጋ ነው እንዴ የደበቁት?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዛጎሉ ላዩ የሚያዳልጥ፣ ዝልግልግ ያለ ነገር። ይህን ይዛ አስተማሪዎቿ ፊት ልትቆም? ከሐጀራ ሱቅ ያልታጠበ ዕቃ ወጥቶ አያውቅም። በበረኪና ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ጥርስ መሰለ። አንዷን ብቻ፣ በጣም የከረፋችውን፣ ከነውሃዋ በማርማላታ ጠርሙስ አስቀረሁ። ጃፋር ሲመለስ አፍንጫው ሥር እይዝለታለሁ። የምለውንም አዘጋጅቻለሁ።

የካቲት 14

ናኢማ አየች።

"አጠብሻቸው?"

"ሦስት ጊዜ።"

በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። የምትፈልገው ያንኑ ዝልግልጉን ኖሯል። ሰፈር ነው አለች። ተጣብቀው፣ ተደራርበው፣ አንዱ የጣለውን ሌላው እየበላ...

"እንደ መርካቶ" አልኳት። አልሳቀችም።

እኔ እኮ ቤታቸውን ያጸዳሁላቸው መስሎኝ ነው። ጃፋር የሚመለሰው በመጋቢት ነው። አለቀላት ማለት ነው? ቦርሳዋን አንግታ ልትወጣ ስትል ጠርሙሱ ትዝ አለኝ።

"ለጠብ ያስቀመጥኳት አንዲት አለች።"

ከፍታ አሸተተች። ከዚያ አቀፈችኝ፣ ከነጠርሙሱ። ቀሚሴ እስካሁን ይሸታል።

ሰኔ 20

ናኢማ አለፈች። በዚያች በአንዷ ዛጎል። በማይክሮስኮፕ አሳይታኝ ነበር... ነጠብጣብ ብቻ ናቸው፤ ግን ብዙ። ለጃፋር ያዘጋጀሁት ንግግር ባከነ፤ ጭራሽ አመሰገንኩት። ግራ ገባው።

ዛሬ አዲስ ጭነት ገባ። በረኪናውን አንስቼ ትንሽ ቆየሁ።

"ምን ትጠብቂያለሽ?" አሉኝ ጋሽ ሐምዱ።

"መውጣት የሚፈልግ ካለ ብዬ ነው።"

ከዚያ ዛጎሉ ላይ አፈሰስኩት።