«ዘርኣማርያም ደብተሩን ይዞ ይምጣ»

ለተከበሩ የከተማችን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ዋና አሰልጣኝ
ፍራንክፈርት አም ማይን
ዓርብ ጠዋት፣ መጋቢት 1988 ዓ.ም. (በእናንተ አቆጣጠር 1996)

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎን፣ ወገብዎን፣ በተለይ ደግሞ አንገትዎን አምላክ ይጠብቅልዎ። አንገትን ለይቼ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በቢሮዎ ሰው ሲሰናበት ቀና ብሎ የሚያይ ባለሥልጣን ስላላገኘሁ፣ የአንገት ሕመም ገብቶባችሁ ይሆን ብዬ ሠግቼ ነው።

እኔ ዘርኣማርያም እባላለሁ። ጋሉስ በሚባለው የከተማችን ሰፈር የምኖር፣ የሥራ ዘመኔን በዕቃ ባቡር ጣቢያ ስጭንና ሳወርድ ፈጽሜ አሁን ሬንተ፣ ማለትም ጡረታ፣ የወጣሁ ሽማግሌ ነኝ። አማርኛውን አሥመራ ጥቂት ዓመት ትምህርት ቤት ገብቼ ቀሪውን ለብቻዬ በማንበብ፣ ጀርመንኛውን ደግሞ ከመዝገበ ቃላት ላይ ተማርኩ። ትናንት ሐሙስ ከቡድንዎ ተሰናብቻለሁ። መቼ እንደገባሁ ግን እስካሁን ስላላወቅሁ፣ ነገሩን በተራ እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ።

በእኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም። ሰው ያለው ስም አንድ ነው፤ ከኋላው የሚከተለው የአባቱ ስም ነው፤ አባትየው በሕይወት ካለ ደግሞ በዚያ ስም ሲጠራ አቤት የሚለው እሱ ነው። ልጄ ኣዲስ ይባላል። ዘርኣማርያም እኔ ነኝ። ይህ ለጋሉስ ሕፃናት ሁሉ ግልጽ የሆነ ነገር ለታላቅ ቡድንዎ ግልጽ ሳይሆን በመቅረቱ ልጄ በቡድንዎ ውስጥ በእኔ ስም ሲሮጥ፣ በእኔ ስም ሲወድቅና ሲነሣ ከርሟል።

ኣዲስ ይህን ጨዋታ የለመደው እዚሁ ከተማ በነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ሜዳ ከወታደሮቹ ልጆች ጋር ነው። ኋላም ተከትሎት አሜሪካ ኮሌጅ ድረስ ሄደ። በዚያ አገር ትልልቆቹ ቡድኖች የሚፈልጓቸውን ተማሪዎች አንድ በአንድ በስም እየጠሩ የሚወስዱበት ቀን አለ። ልጄ ያን ቀን ስልክ አጠገብ ተቀምጦ ዋለ፤ የጠራው የለም። ስሙ ላልተጠራ ልጅ የሚቀረው እንደ እናንተ ያለ ቡድን በር ማንኳኳት ብቻ ነው። ነገ ቅዳሜ የመጨረሻው ስም ዝርዝር ሲነበብ ከገባ ተጫዋች ነው፤ ካልገባ ጨዋታው ለእሱ አለቀ። ይህን እሱም፣ እናቱም፣ እኔም እናውቃለን፤ በቤታችን ከሰሞኑ የማይወራው ነገርም እሱ ነው።

እኔ ጨዋታውን እንደማልወደው አልደብቅዎትም። በእጅ እየተያዘ ለሚሮጥበት ነገር እግር ኳስ የሚል ስም ማውጣታችሁ፣ ኳሱንም እንደ እንቁላል ማሾላችሁ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ሆኖም የጀመርከውን ጨርስ ብዬዋለሁ፤ ያልኩትን አላጥፍም። እንግዲህ ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ፕላስተሩ። አዲስ ለመጡት ልጆች ሁሉ ሄልሜት በምትሉት የራስ ቁራቸው ግንባር ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፋችሁ የአባታቸውን ስም በወፍራም ቀለም ትጽፉበታላችሁ። የእኔ ስም ረዘመና ፕላስተሩ አጠረ፤ የሚጽፈው ሰውም ሌላ ፕላስተር መቁረጥ ደክሞት «ዘርኣማር» ላይ አቆመ። በዚህም የማርያም ዘር የነበርኩት ሰውዬ የማር ዘር ሆኜ ቀረሁ። ለተኪዳን የምትባለው ባለቤቴ ልጁ ያመጣውን ፎቶግራፍ አይታ «ስሙን እንዲህ ከቆረጡት ልጁን ምን ሊያደርጉት ነው?» ብላ ነበር። እኔ ሴትዮዋ ታጋንናለች ብዬ ነበር። ቅነሳውን ከስሜ እንደጀመራችሁ ስለነገራችሁን እናመሰግናለን፤ ማስጠንቀቂያውን አለማስተዋል የእኔ ድርሻ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ስልኩ። ትናንት ኣዲስ በጠዋት ለልምምድ ከወጣ በኋላ ስልኩ ጮኸ። አነሣሁት። የሚቸኩል ድምፅ «ዘርኣማር?» አለኝ። ጅራቱ ቢጎድልም ስሜ ነውና አዎ አልኩ። «አሰልጣኙ ይፈልግሃል፤ ደብተርህን ይዘህ ና» ብሎ ዘጋው።

ክቡር ሆይ፣ ደስ አለኝ። በአገሬ ሥርዓት የአንድ ጎልማሳ ነገር ሲከብድ አባቱ ይጠራል፤ ተቀምጦ ይመከራል። ይኸው በመጨረሻ ወግ የሚያውቅ ፈረንጅ ተገኘ አልኩ። የጥምቀት ልብሴን ለበስኩ፣ ከረባት አሰርኩ፣ የጨዋታችሁ ሥዕል የተሰበሰበበትን ያን ወፍራም ደብተር ከልጄ ጠረጴዛ ላይ አንሥቼ በብብቴ ያዝኩ። ትራም መቆሚያው ላይ ጎረቤቴ ጃብር ከላይ እስከ ታች አየኝና «ኣያ ዘርኣማርያም፣ ዛሬ ትልቅ ቴርሚን አለዎት መሰለኝ» አለኝ። አዎ፣ ቀጠሮ አለኝ፤ ከፉትቦሉ አሰልጣኝ ጋር ነው አልኩት። «በዚህ ዕድሜ? ኧረ ለጉልበትዎ ይዘኑለት!» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ምክንያቱም ገና አላወቅሁም።

መንገድ ላይ ሳልዘጋጅ እንዳልቀርብ ደብተሩን ከፍቼ አጠናሁት። ክቦቹ እናንተ ናችሁ፤ መስቀሎቹ ጠላት ናቸው። መስቀል ጠላት የሆነበት መጽሐፍ በዕድሜዬ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነውና ጉዳዩን ከእርስዎ ጋር እንድናነሣው በኅዳጉ ምልክት አደረግሁበት። ምልክቱ አሁንም አለ።

ሦስተኛ፤ ስለ ኮሪደሩ። ትከሻቸው በር የሚሞላ ልጆች ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በአግዳሚው ተደርድረዋል። ሐኪም ቤት እንኳ እንዲህ ያለ ዝምታ የለም። ሰላም ብዬ ገባሁ። አንዱ፣ ከአላባማ የመጣ ግዙፍ ልጅ፣ ብድግ ብሎ ቦታውን ለቀቀልኝ፤ ያሳደጉት ሰዎች ይባረኩ። ደብተሩን አየ፣ ከረባቴን አየ፣ ከዚያ በተሰባበረ ጀርመንኛ «አባት፣ አንተንም ጠሩህ?» አለኝ። ጠሩኝ አልኩት። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ ነገረኝ። በእናንተ ዘንድ «ደብተርህን ይዘህ ና» ማለት ተባረሃል ማለት ነው። በደብተር ትገባለህ፣ በባዶ እጅህ ትወጣለህ።

ከዚያ በኋላ የማየው ሁሉ ሌላ ሆነ። በሩ ይከፈታል፤ አንዱ ደብተሩን አቅፎ ይገባል፤ ወዲያው እጁን የት እንደሚያደርገው የጠፋው ሰው ይወጣል። ያ የአላባማ ልጅም ገባ፤ ሲወጣ እኔን እንኳ አላየኝም። ተነሥቼ ወደ ቤቴ መሄድ እችል ነበር። ነገር ግን በስሜ ተጠርቻለሁ፤ በስሜ ተጠርቼ ከበር የተመለስኩበት ቀን የለም። «ዘርኣማር!» ተባለ። ገባሁ።

አራተኛ፤ ስለ ረዳትዎ ደግነት። ረዳትዎ አንገቱን ሳያነሣ የሚከተለውን ነገረኝ፦ «ዘርኣማር፣ ጠንክረህ ሠርተሃል። ፈጣን ነህ፤ በጣም ፈጣን። ግን ቦታ የለንም። በግል አትውሰደው። ደብተሩን እዚያ ጋ።» በጉልበቴ ምክንያት ሁለት ፎቅ በሊፍት የወጣሁት እኔ ፈጣን መባሌ እስከ መቃብሬ የማልረሳው ክብር ነው። በግል አትውሰደው መባሌ ግን አላስኬደኝም፤ የተጠራው የእኔ ስም፣ የቆመውም እኔ ስሆን በግል ካልወሰድኩት ማን ይውሰድልኝ?

ደብተሩን ሳላስቀምጥ ስቆም ቀና አለ። መጀመሪያ ከረባቴን አየ። ፊቱን ለመግለጽ አልሞክርም። «አንተ ማን ነህ?» ሲለኝ እንዲህ አልኩት፦ «ዘርኣማርያም እኔ ነኝ። ያሰናበትከኝ እኔን ነው፤ ተቀብያለሁ። ኣዲስ የሚባል ልጅ አለኝ፤ እሱን ገና አልጠራችሁትም። የምትጠሩት ከሆነ በስሙ ጥሩት፤ ፊቱንም እዩት።» ደብተሬን በብብቴ መልሼ ወጣሁ። ሊከተለኝ ብድግ ያለ መስሎኝ ነበር፤ ወዲያው ግን የሚቀጥለውን ስም ሲጠራ ሰማሁ። ወረፋው ረጅም ነበር።

አምስተኛ፤ ይህ እርስዎን በቀጥታ ይመለከታል። ከቢሮው ወጥቼ ሜዳው አጥር ዳር ቆምኩ። ልጄ የመሰናበቱ ወሬ ሳይደርሰው ይሮጣል። ልጠራው አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁት። ምን ብዬ ልጥራው? ያን ጊዜ ኳሷ ከሩቅ መጣች፤ ኣዲስ ከሦስት ሰው መካከል ዘልሎ ቀለባት፣ በጀርባው ወደቀ፣ ከነኳሱ ተነሣ። እርስዎ ራስዎ፣ ክቡር ሆይ፣ ኮፍያዎን አውልቀው እያወዛወዙ «ዘርኣማር! እንዲህ ነው! ዘርኣማር!» ብለው ጮኹ። ከአጥሩ ውጭ ሆኜ አቤት ልል ምንም አልቀረኝም። በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ቡድን፣ ያው የተቆረጠ ስሜ በኮሪደሩ ተባረረ፣ በሜዳው ተወደሰ። ይህን ያህል ቀኝ እጁ የሚሠራውን ግራ እጁ የማያውቅ ድርጅት ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።

ማታ ኣዲስ ደብተሩን ፈለገ። እሱ በጀርመንኛ ነው የሚያናግረኝ፤ «ፓፓ፣ ቮ ኢስት ማይን ደብተር?» አለኝ። አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። «ዳስ ጊብትስ ዶኽ ኒሽት» አለ፤ እንዲህ ያለ ነገር የለም ማለቱ ነው። ለተኪዳን ከወጥ ቤት «ሰውየው በስሙ ተጠራ፣ ሄደ፤ ምን ያርግ?» ስትለው ሳቁ መጣ፤ ብዙ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ በመሐል ተቋረጠና ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። እንደዚያ ሆኖ «ታዲያ እኔ ዛሬ ማን ሆኜ ነው የተጫወትኩት?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ለእርስዎ ይገባል ብዬ አስተላልፌያለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ልጄን አስቀሩልኝ ብዬ አልለምንም። ሰው መቀነስ መብትዎ ነው፤ ቦታም ላይኖራችሁ ይችላል። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በሜዳ የጮኸው አፍ ራሱ፣ በረዳት ሳይሆን፣ ኣዲስን ኣዲስ ብሎ ጠርቶ ወይ ግባ ወይ ሂድ ይበለው። አዲሶቹን ሁሉ «አዲሱ! አዲሱ!» እያላችሁ ስትጣሩ መክረማችሁን ነግሮናል፤ የልጄ ስም ትርጉሙ ያው ስለሆነ ምላሳችሁ ብዙም አይቸገርም። እስከዚያ ድረስ ደብተራችሁ በመደርደሪያዬ ላይ፣ ከመዝሙረ ዳዊቴና ከመዝገበ ቃላቴ መካከል በክብር ተቀምጧል።

ይህን በአማርኛ መጻፌ ለአስተርጓሚ ያስቸግርዎት ይሆናል። እኔም የእናንተን ቋንቋ ያለ አስተርጓሚ ገብቼ ምን እንደገጠመኝ አይተዋል። አንዱን ቅጂ በማኅበራችን አዳራሽ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ የዘርኣማርያም ልጅ ተባረረ የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ጋሉስ ስለደረሰ፣ የተባረረው ዘርኣማርያም ራሱ መሆኑን ሕዝቡ እንዲያውቅልኝ።

ሄልሜት ሳያጠልቅ፣ ማሊያ ሳይለብስ፣ ለአንድ ጠዋት የቡድንዎ አባል ሆኖ በፍጥነቱ የተመሰገነው፤ በዕድሜ የአዲሶቻችሁ ሁሉ አንጋፋ፤ ከማይታጠፍ አክብሮት ጋር፣

ዘርኣማርያም (ሙሉው)
ጋሉስ፣ ፍራንክፈርት

ድኅረ ጽሑፍ፤ ዓርብ፣ ወደ ማታ።

ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ሳላደርስ ኣዲስ ደብተሩን ከመደርደሪያዬ ላይ ራሱ አወረደው። አልከለከልኩትም። ማንም ሳይጠራው ሄዶ በርዎን አንኳኳ። እርስዎ ከወንበርዎ ተነሥተው ስምህ በትክክል እንዴት ነው የሚባለው ብለው እንደጠየቁት፣ ደግመው ደጋግመው እንደሞከሩትም ነገረኝ። በባዶ እጁ ነው የተመለሰው። ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ፣ ከስንት ዘመን በኋላ በቤታችን ቋንቋ በትግርኛ፣ «ኣቦይ፣ በስሜ ነው የጠራኝ» አለኝ። ስለ እሱ አመሰግንዎታለሁ፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ እሾህ የሌለባት ምስጋና ይህች ብቻ ናት።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። ሄልሜቱን ነገ ለሌላ ልጅ ስታዘጋጁት ፕላስተሩን ትልጡታላችሁ። እንዳትጥሉት፤ በላዩም የሌላ አባት ስም እንዳትለጥፉበት። ሄልሜቱ የእናንተ ነው፣ ስሙ ግን የተዋሳችሁት ነው፤ በላይ በተጻፈው አድራሻ መልሱልኝ። ያስቀራችኋቸውን ፊደሎች ፈልጉ አልልም። እስክሪብቶ አለኝ፤ እኔው እጨምራቸዋለሁ።