አቧራው በየት ገባ?

ሐምሌ 3
የፎቶ ፊልም ማድረቂያው አለቀ። አሮጌው ቁም ሳጥን ነው። ከታች፣ ከተበላሸው ኤሲ ያወጣሁት የአየር ማጣሪያ፣ ከላይ አየሩን ስቦ የሚያወጣ ቬንትሌተር። ባሌ ወልደየሱስ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፊልም የሚሰቅለው ሻወር ቤት ነበር። እንግዲህ ያ አቧራ ተሸካሚ ነፋስ፣ ኻምሲኑ፣ ይንፈስ! አቧራው በየት ይገባል?

የባሌ እህት አበዛሽ እንደ ልማዷ ዘው አለች።
"የሬሳ ሳጥን አቆምሽ እንዴ? ይልቅ ክፍሉን ለሱቅ አከራዪው።"
ሳቅን። ወጥታ ሳትሄድ ግን ክፍሉን ዙሪያውን ቃኘችው... ለምን?

ሐምሌ 5
የሙከራ ፊልም አጥቤ ሰቀልኩ። ደርቆ ሳየው ነጠብጣብ በነጠብጣብ! እርጥብ ፊልም ላይ ያረፈ አቧራ አብሮ ይደርቃል፣ ወዲያ በምን ይነሳል?

ደንበኛዬ ኒዛር ደግሞ ፊልሙን አምጥቷል። እናቱን ከማረፋቸው በፊት ያነሳበት ነው፤ ሌላ ፎቶ የላቸውም። "እትዬ፣ እናቴን አደራ" ብሎኝ ሄደ።

ሳጥኑን የከፈተ ሰው አለ። የቤቱ ቁልፍ ያላት አበዛሽ ብቻ...

ሐምሌ 6
ጠየቅኳት።
"ሳጥኑን ነክተሽዋል?"
"ምን ላደርገው? ፊልምሽን ልበላው?"
ሳቀች። ሳቋ አላማረኝም።

ሐምሌ 8
ሌላ ሙከራ ሰቀልኩ። በሳጥኑ በር ስንጥቅ ላይ ቁራጭ ሶፍት ለጥፌ ገበያ ወጣሁ። ከተከፈተ ይቀደዳል።

ስመለስ አበዛሽ ሳጥኑ ፊት ቆማለች።
"ይሄ ሶፍት ለኔ ነው?"
ዘንቢሌን መሬት አስቀመጥኩ።
"በወንድሜ ቤት ሌባ ሆንኩ?"
ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጥላልኝ ወጣች።

ሶፍቱ አልተቀደደም። ፊልሙ ግን ያው ነጠብጣብ! እንዴት ሆኖ?

ሐምሌ 9
ሶፍቱን ልልጠው ሄድኩ። ቬንትሌተሩን ሳበራው ሶፍቱ ወደ ውስጥ ጎበጠ። አጠፋሁት፣ ቀና አለ። አበራሁት... ደግሞ ጎበጠ።

ወይ ጉዴ! እኔው ነኛ! ከላይ አየሩን ስስብ፣ ሳጥኑ በየስንጥቁ የክፍሉን አቧራ ሲምግ ነው የከረመው። ቬንትሌተሩን ነቅዬ ከታች ገጠምኩት፤ በማጣሪያው በኩል ወደ ውስጥ ይንፋ። አሁን ሶፍቱ ወደ ውጭ ይነፋል።

አበዛሽን በምን ዓይኔ ልያት?

ሐምሌ 12
የኒዛር እናት ወጡ። ጥርት ብለው! ጉንጫቸው ላይ አንዲት ነጥብ የለም። ኒዛር ፊልሙን ወደ መስኮቱ ይዞ አለቀሰ።

አበዛሽንም ትናንት ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። "ተይው፣ አልፏል" ብላ ሳመችኝ። ቁልፉን ግን አልቀበልም አለች።

ዛሬ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ።
"ቤቶች!"
ደንበኛ መስሎኝ ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። አበዛሽ ናት። ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ግቢ እስክላት ትጠብቃለች።