የተረፈው የሶዲየም ቁራጭ

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ፤
እንደምን ከርመሻል? ከናፍቆትሽ በቀር እኛ ደህና ነን። ልጆቹ ጉንጭሽን እየሳሙ ሰላም ብለውሻል።

እኔ ያው ጠመኔዬን ይዤ አለሁ። ማክሰኞ ለዘጠነኛ ክፍሎች ስለ ሶዲየም አስተማርኩ። «ዳር ላይ ያለው ኤሌክትሮን አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ላገኘው ሁሉ ለመስጠት ይቸኩላል። ውሃ ከነካው ይቀጣጠላል፤ ለዚህ ነው ላምባ ውስጥ የሚቀመጠው» አልኳቸው። ይህን ተናግሬ አፌን ሳልከድን፣ ቆርጬ ካሳየኋቸው የተረፈውን ቁራጭ ላምባው ውስጥ በመመለስ ፈንታ አጠገቡ የነበረው የውሃ ዕቃ ውስጥ ጣልኩት። ፈነዳ። ፊት የተቀመጠችው ልጅ ቅንድቧ ተለበለበ፤ ዓይኗን እግዜር አተረፈላት።

ርዕሰ መምህሩ ሲጠይቀኝ «የቤተ ሙከራ ሠራተኛዋ ዕቃዎቹን አቀያይራቸው ነው» አልኩ። እዚያው ቆማ ነበር፤ በሃያ ዓመት አንድ ጠርሙስ ከቦታው ያላዛነፈች ሴት ቀና ብላ አየችኝና «ይሆናል፣ መምህር» አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዛሬ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄጄ እውነቱን ነገርኩት፤ እሷንም ይቅርታ ጠየቅኳት። «እኔን ያሳሰበኝ የእርስዎ ነገር ነው» አለችኝ።

እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ አባታችን የቤታቸው መንገድ የጠፋባቸው ጊዜ ዕድሜያቸው ስንት ነበር? ለባለቤቴ ስትጽፊ ግን ይህን አታንሺላት።

ደህና ሁኚልኝ፤ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።
ታናሽ ወንድምሽ