ብቻዋን ትሁን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬም የስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ አደረጉኝ። እኔ ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ሰፈር ቢሮዬ ውስጥ፣ ምስጢር እንዲጠበቅ በሩንም መስኮቱንም ዘግቼ በሙቀት እቀቀላለሁ። ወዲያ ጫሞ ሐይቅ ዳር፣ ወ/ሮ ዘ. ቤት፣ ቤት ሙሉ ሰው ያዳምጠኛል።

ልጇ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ጀልባው ተገልብጦ ሞተ። ሁለት ወሩ። አልተኛም አልበላም ብትል ጤና ጣቢያው ወደ እኔ መራት። የሥነ ልቦና ሕክምና በስልክ፣ በሳምንት አንዴ። እንቅልፍ እንዴት ነው እላለሁ። «ተመስገን!» ይላል ቤቱ በሙሉ። አንድ ሽማግሌ ስልኩን ተቀብለው ጸለዩልኝ። ለእኔ! ስለ ጸሎቱ አልከፋኝም። ሰዓቱ ግን አለቀ። የእሷን ድምፅ አልሰማሁም ማለት ይቻላል።

አስተባባሪያችን፣ ልጄ የሚሆን ሰው፣ ተደውሏል አይደል፣ ምን ቀረ አለኝ። መደወል ማከም መሰለው። ትቼው ወጣሁ። አፌን ብከፍት ስድብ ነው የሚወጣኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ማታ

ሳታቋርጠኝ የምትሰማኝ አንተ ብቻ ነህ፣ ማስታወሻዬ። ስለዚህ ስማ። ችግሩ ኔትወርኩ አይደለም። ቤቱ ነው። ሐዘንተኛ ብቻዋን አትተውም። ስልኩም የእሷ አይደለም፤ የማርታ ነው፣ የሟች ባሏ እህት።

ለማርታ ደወልኩ። ኮስተር ብዬ ነገርኳት፦ ወ/ሮ ዘ. ብቻዋን ትሁን፣ ሕክምናው የሚሠራው ያኔ ነው፣ ስልኩም እሷ ጋ ይደር።

«እሺ፣ ዶክተር።»

ዶክተር አይደለሁም አልኳት።

«እሺ፣ ዶክተር።»

ሳቄ መጣ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ማታ

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

10 ሰዓት ደወልኩ። ጸጥታ። የወፍ ድምፅ ብቻ። ቃሏ ጥርት ብሎ ይመጣል። አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ። አሠራር ማሻሻል ይኼ ነው፣ ያ አስተባባሪ ይማር እያልኩ ነበር በሆዴ። ስለ ልጇ አወራችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ። ሲስቅ ዓይኑን እንዴት ይጨፍን እንደነበር።

ማን አለ አጠገብዎ አልኳት። ማንም። ማርታስ? ቤቷ። ማታ ከማን ጋር ያድራሉ?

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ብቻዋን ትሁን ያሉት? ሕክምናዋ ነው ብለው ሁሉም ሄዱ እኮ። ልጆቹንም ከግቢ ከለከሏቸው።»

ከሐሙስ ጀምሮ! እራቷን በር ላይ አስቀምጠው ይመለሳሉ። እንዳይረብሹ። ትእዛዜን አክብረው። ለስልኩ ሰዓት ብቻ የምትል ቃል ከአፌ አልወጣችም። የሰው ሪፖርት በአንዲት ነጠላ ሰረዝ ስህተት የምመልስ ሰውዬ።

መጠየቅ ያለበትን በቀጥታ ጠየቅኩ። ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል?

«አዎ» አለች። ተመስገን በምትልበት ድምፅ። ትናንት ማታ። ዛሬም።

ማርታ ጋ እንዳልደውል የማርታ ስልክ እሷ እጅ ነው። ሌላ ቁጥር የለኝም። ሌላ ቁጥር አልጠየቅኩም! አይዝጉት፣ ስልኩን እንደያዙ ይነሱ፣ ማርታ ቤት አብረን እንሂድ አልኳት። ነጠላዬን ልልበስ አለች። ይልበሱ፣ እያወሩኝ። ወጣን። የሙዝ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ እሰማለሁ፣ ትንፋሿን እሰማለሁ። አንዴ ቆመች። ምን አዩ? ሐይቁን። ይራመዱ አልኩ። ለመንኳት ማለት ይሻላል። ውሻ ጮኸ። ከዚያ የማርታ ድምፅ፦ «ውይ! ምነው ብቻሽን መጣሽ?»

ያሰቡትን ለማርታ ልንገራት አልኳት፣ እሺ አለች። ለማርታ ነገርኳት። ለደቂቃ እንኳ ብቻዋን እንዳትተዋት። አመሻሹ ላይ ተሰብስበው ሆስፒታል አመጧት። በር ላይ ተቀበልኳቸው። ሐኪሙ አይቷታል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18። ጠዋት

ማርታ ቤት ነው የምታድረው። ትናንት ትንሽ ገንፎ በልታለች። ያልፋል ብዬ አልጽፍልህም፤ አላውቅም።

ለአስተባባሪው ሁሉንም ነገርኩት፣ የራሴንም። ከእንግዲህ ስልኩ ማን ጋ እንደሚውል፣ ታካሚዋ ከማን ጋር እንደምታድር በዓይኔ ሳላይ ሕክምና አልጀምርም አልኩት። መኪና የለንም አለኝ። አልጠየቅኩህም አልኩት። ዓሣ ጭነው የሚመላለሱት ፒክአፖች አሉ። ነገ ማለዳ እወርዳለሁ።

አሁን ማርታ ደወለች። እንደምመጣ ነግራታለች። ወ/ሮ ዘ. አንድ ነገር ብቻ አደራ ብላለች፤ ዶክተሩ ሲመጣ እነማርታን እንዳይቆጣቸው።

እነሱን።