የኮቱ መግቢያ ሰዓት

ለድርጅቱ የሥራ አመራር ቦርድ ሰብሳቢ
ባሉበት

ቀን፦ ጥቅምት 12

ጉዳዩ፦ የመግቢያ ሰዓት ደንቡ በዋና ሥራ አስኪያጁም ላይ እንዲጸና እና የተሰጠኝ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ እንዲነሳልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች የዋና ሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ነኝ። አርፍደሻል ተብዬ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። ከእንግዲህ አንድ ጠዋት ባረፍድ እሰናበታለሁ።

1. ማርፈዴን አልክድም። አማቴ ከወደቁ ወዲህ በሳምንት ሁለት ጠዋት ለጉልበታቸው ሕክምና አደርሳቸዋለሁ። ልጃቸው ይውሰዳቸው እንዳይባል፣ ባለቤቴ መስክ ላይ ነው። አማቴ ደረጃ ሲወርዱ አይቸኩሉም፤ ያጣደፍኳቸው እንደሆነ ደግሞ ቆመው ይቆጡኛል።

2. በደንቡ መሠረት ፈቃድ ጠይቄአለሁ። ፈቃዱን የሚፈርሙት ዋና ሥራ አስኪያጁ ናቸው። እርሳቸው ረፋዱ ሳያልፍ አይገቡም፤ ሲገቡም ለመውጣት ነው። ማመልከቻዬ እስከ ዛሬ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጧል። ማስጠንቀቂያውን ግን ለምሳ ሲወጡ አሳንሰሩ በር ላይ እንደቆሙ ፈርመውታል።

3. ቢሮው ውስጥ ዘወትር የሚገኘው ኮታቸው ነው። ግራጫ ነው፤ ወንበሩ ላይ ውሎ ወንበሩ ላይ ያድራል። ጠዋት መብራት አብርቼ፣ ኮቱን አራግፌ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ለባለጉዳይ «ኮታቸው አለ፣ አይርቁም» እላለሁ። ይህ በቃል የታዘዝኩት ሥራ ነው። ባለፈው ሳምንት ዓይናቸው የደከመ አንድ አዛውንት በበሩ ክፍተት አጮልቀው ለኮቱ እጅ ነሥተው ሄደዋል። የጽዳት ሠራተኛዋማ ባረፈድኩ ቁጥር በር ላይ ጠብቃ፣ «እታለም፣ ዛሬም ቀደሙሽ፤ ምክትላችን ከገቡ ቆዩ» ትለኛለች፤ ኮቱን ማለቷ ነው። እርሷ ስቃ እስክትጨርስ የጣት አሻራ ማሽኑ ይቆጥርብኛል።

4. የውጭ ስብሰባ እንዳለባቸው አላጣሁትም። ቀጠሮውን የምይዘው እኔ፣ ሲቀሩ ይቅርታ የምጠይቀውም እኔ ነኝ። ደንቡ ግን «ማንኛውም ሠራተኛ» ይላል እንጂ ኮት ያለውን ለይቶ አላስቀረም።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያው እንዲነሳልኝ፣ ዋና ሥራ አስኪያጁም እንደ እኛው ጠዋት ጣታቸውን ማሽኑ ላይ እንዲያሳርፉ በትሕትና እጠይቃለሁ። ይህ የማይቻል ከሆነ፣ እኔም ሹራቤን ወንበሬ ላይ ትቼ አማቴን እንዳደርስ ይፈቀድልኝ። ሹራቡ ንጹሕ ነው፤ ባለጉዳይም አያመናጭቅም።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
የዋና ሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለዋና ሥራ አስኪያጁ
ጠረጴዛቸው ላይ የቀደመው ማመልከቻዬ ስላለ፣ ይህኛው በኮታቸው የደረት ኪስ ተቀምጧል። ኮቱን የለበሱ ዕለት ያገኙታል።