ሳያት ያልዞረችለት ድምፅ

ለእህቴ ለሃይማኖት፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ምንጣፍ ተሸክመሽ ደረጃ ትወጫለሽ? የኩዌት ሙቀትስ በረደላችሁ? እህል ውኃውስ ተስማማሽ? እኛ ለክፉ አንሰጥም። ክረምቱ ግን ዘንድሮ መቱን አለቅም ብሏል፤ ከሰኔ ወዲህ ልብስ በፀሐይ ደርቆ አያውቅም። እናታችን ጉልበቷን ቢያማትም ቤተ ክርስቲያን መሳለሟን አልተወችም። እኔም የተማሪ ዩኒፎርም ሰሞን ስለሆነ ከስፌት መኪናዬ ላይ ቀና የምልበት ጊዜ የለኝም። እዚህ ላይ "ደህና ነን" ብዬ ብዘጋው ደስ ባለኝ።

ይህን ወረቀት የምታደርስልሽ የጎረቤታችን የሸዋርካብሽ ልጅ ሄርሜላ ናት፤ እሷም ለሥራ ወደዚያው መምጣቷ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ እናታችን ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። በሰው አገር ብቻዋን ሆና ብትሰማ ምን ይውጣታል፣ ትታመምብናለች እያለች አፌን ይዛዋለች። እኔ ደግሞ ሳትሰሚ የምትውዪው ይብሳል ባይ ነኝ። በሞቴ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ማዳምሽ ብትጠራሽም ትንሽ ትቆይ።

ልጅሽ ሳያት እስካሁን አንድ ቃል እንዳልተነፈሰች ታውቂያለሽ። ቶሎ ተራመደች፣ ጥርሷን በጊዜው አወጣች፣ ወሬው ብቻ ቀረ። በጠየቅሽን ቁጥር የምንመልስልሽ አንድ ነገር ነበር፤ እቤት ከእኛ ጋር አማርኛ፣ እኔ ሥራ ስይዝ ከምትጠብቃት ከዲሪቤ ጋር ኦሮምኛ፣ ሁለቱ ተደበላልቀውባት ነው እንልሽ ነበር። እኛም አምነንበት ነበር። እዚህ የማይለው ሰው የለም፤ የሁለት ቋንቋ ልጅ ዘግይቶ ይናገራል፣ ሲናገር ግን ሁለቱንም እንደ ውኃ ያወርደዋል ይላሉ። እናታችንና ዲሪቤማ መጀመሪያ "እማ" ትላለች፣ የለም በኦሮምኛ "ሀዳ" ትላለች እያሉ ይጣሉ ነበር። ዲሪቤ ካሸነፈች እናታችን ዶሮ ልታርድላት ቃል ገብታለች። እኔም መሐል ሆኜ እስቅባቸው ነበር።

ዝምታዋንም ወደድንላት እኮ፤ ጉዱ ይሄ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበውና መብረቁ ሲጮህ የጎረቤት ልጆች ሁሉ ያለቅሳሉ፣ የእኛይቱ ለጥ ብላ ትተኛለች። የታደለች፣ እንቅልፏ የሞላ እንላታለን። እኔ ስሰፋ መኪናው ሥር ገብታ መዳፏን እንጨቱ ላይ ለጥፋ ትውላለች። ድምፁን ወዳው መስሎኝ ደንበኛ በመጣ ቁጥር እያሳየሁ እኮራባታለሁ። ቤታችን የሚመጣው እንግዳ ሁሉ ምን ዓይነት ጭምት ልጅ ናት ብሎ መርቋት ነው የሚወጣው።

እና ባለፈው ወር ከአሠሪዎችሽ ጋር ቱርክ ለዕረፍት ሄዳችሁ ያን ቪዲዮ ላክሽልን። የምታሳድጊው ልጅ፣ ዚያድ፣ አሸዋው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆም ማዳም ቅረጪው ብላሽ የቀረጽሽውን። እሑድ ነበር። እናታችን፣ ዲሪቤና እኔ ስልኩን ከበን ተቀመጥን፤ ሳያት ጀርባዋን ሰጥታን በር ላይ ቆማ በልብስ ቁልፎቼ ትጫወታለች። እናታችን እንድትሰማ ብዬ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ቤቱን ሞላሽው። መጀመሪያ "ሳያትዬ፣ የኔ እናት፣ ይሄን ልጅ እዪው" አልሽ። ከዚያ ለዚያ ለዓረብ ልጅ በአማርኛ "ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!" ትዪው ጀመር፤ ልጁም ባሕሩ እግሩን እየነካው ወዳንቺ ተንገዳገደ። እኛ እየሳቅን ነው። እናታችን እንባዋ መጣ።

ያልሳቀችው ዲሪቤ ብቻ ናት። እሷ ስልኩን ትታ ሳያትን ታያለች። ተነስታ ከኋላዋ ሄደችና እጇን አጨበጨበች። ልጅቷ አልዞረችም። የድስት ክዳን አንስታ ሲሚንቶው ላይ ለቀቀችው፤ እኔ ክው አልኩ፣ ደጅ ያለው ውሻ ጮኸ፣ ሳያት ግን ቁልፎቼን መደርደሯን አላቆመችም። ዲሪቤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ "ይቺ ልጅ ጆሮ የላትም" አለች። እናታችን በቁጣ ልታባርራት ነበር። የእኔ ልብ ግን ያን ጊዜውኑ አውቆታል።

አዝያት በበደሌ አድርጌ ጅማ ሄድኩ። የጆሮ ሐኪሙ ጎበዝ ልጅ ነው፣ አላጣደፈኝም። ገመድ ሰካክቶ አንዴ መረመራት፣ በማግስቱ ደገመ። በሁለቱም ጆሮዋ አትሰማም። አንቺ ልትሄጂ ሰሞን ያደረጋት ያ ማጅራት ገትር ሳይሆን አይቀርም ምክንያቱ አለኝ። ነፍሷን ትቶ ጆሮዋን ይዞ ሄደ። የማንም ጥፋት አይደለም ብሎ ሦስቴ ነግሮኛልና አንቺም ራስሽን እንዳትበዪ። በጆሮ የሚደረገው ማጉያ ለእሷ እንደማይፈይድ፣ በቀዶ ጥገና የሚገባው መሣሪያም በእኛ አቅም የሚታሰብ እንዳልሆነ ሳይደብቅ ነገረኝ። ሚኒባስ ውስጥ ስመለስ ያለቀስኩትን እኔና እሷ ነን የምናውቀው። በትንሽ እጇ ፊቴን ትጠርግልኝ ነበር።

እህቴ፣ ስለዚህ በየዓርቡ በስልክ የምትዘፍኝላት፣ የምትጸልዪላት፣ "እናትሽ ነኝ" የምትያት ሁሉ አልደረሳትም። ማዳምሽ በካሜራ መነጋገር ስለከለከለች ፊትሽንም አላየችም። ፎቶሽ ግድግዳ ላይ አለ፣ ስንጠቁማት ትስመዋለች፤ ከጎኑ ያለውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕልም እንዲሁ ትስማለች። ባለፈው ዓርብ "ሳያት እየሰማችኝ ነው?" ብለሽ ስትጠይቂ እናታችን ስልኩን ሳያት ጆሮ ላይ እንደያዘች "አዎ፣ ልብ ብላ ነው የምትሰማሽ" አለችሽ። ያኔ ነው ከእንግዲህስ እጽፋለሁ ያልኩት።

በዚያው ስልክ ውልሽን ለሁለት ዓመት ልታድሺ መሆኑንም ነገርሽን። ማዳም እያለቀሰች ለምናሻለች፣ ዚያድ ያለ አንቺ እህል አይቀምስም፣ ይገባኛል። ነገሩን ግን ከዚህም በኩል ልንገርሽ። ጅማ እንደ ሳያት ያሉትን ልጆች በምልክት የሚያስተምሩበት ክፍል አለ፤ በጥቅምት ይጀምራል። ልጅቷ ብቻዋን አትገባም፣ የሚያሳድጋት ሰው አብሯት ይማራል። ሐኪሙ ቋንቋ የሚያዘው በዚህ ዕድሜ ነው፣ እያደረ ይከብዳል አለኝ። መጠበቅ የለም።

አንቺ ካልመጣሽ እኔ እገባለሁ። ዩኒፎርሙን ለሰው ሰጥቼ፣ እናታችንን ለዲሪቤ አደራ ብዬ፣ ጅማ ክፍል ተከራይቼ እማራለሁ፤ ይሄን እንዳትጠራጠሪ። ግን ቂም እንዳትይዥብኝ አስቀድሜ ልንገርሽ። መጀመሪያ የምታወራው ከእኔ ጋር ይሆናል። እሷ ስትቆጣ፣ ስትስቅ፣ ሲያማት የሚገባኝ እኔ እሆናለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሻንጣሽን ይዘሽ ስትገቢ ከገዛ ልጅሽ ጋር የምታወሪው እኔ እያስተረጎምኩ ነው። ይህን እኔ አልፈልገውም ሃይማኖት። አክስትነቱ ይበቃኛል። ውሉ ላይ ከመፈረምሽ በፊት አስቢበት፤ ምን እንደወሰንሽ ለሄርሜላ ንገሪያትና እሷ ትደውልልኝ።

እናታችን ይህን መጻፌን ሳታውቅ "ስትደውል ሰላም በይልኝ፣ ክብደት አታንሳ በይልኝ" ብላሻለች። ዲሪቤ ሰላም ትልሻለች፤ ከዚያች እሑድ ወዲህ ከሳያት ጋር በእጇና በፊቷ ስታወራ ነው የምትውለው፣ አንዳንዱንም ትግባባታለች። ሸዋርካብሽ ለሄርሜላ እህት ሁኚልኝ ትልሻለች። ሳያትም ሰላም ትልሻለች ብዬ ልጽፍ እጄ ሄዶ ነበር፣ ተውኩት። እናት እንዳላት ገና የነገራት ሰው የለም።

እህትሽ ሀረገወይን
መቱ፣ ነሐሴ ፲፬ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.